ፌብሩዋሪ ከሜይ በኋላ

ሥራው ለወሬ የሚበቃ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ ስካን የተደረጉ የድሮ የከተማና የቤተ ክርስቲያን መዝገቦችን እያየሁ ስምና ቀን ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። ደንበኞቻችን የዘር ሐረጋቸውን የሚያስቆጥሩ አሜሪካውያን ናቸው። አገር ቤት ልጅ ሲዳር ሰባት ቤት በቃሉ የሚቆጥር ሽማግሌ አይጠፋም፤ በነጻ። እዚህ አሥራ ሁለት ቤት ለማስቆጠር በሰዓት ይከፈላል።

በገባሁ በሁለተኛው ወር አንድ ወፍራም ፋይል ደረሰኝ። ሐረጉ ጆን ሐውላንድ ጋ የሚደርስ ነው። ሰውየው በ1620 ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ በሜይፍላወር መርከብ ከመጡት 102 መንገደኞች አንዱ ሲሆን የመጣውም በአገልጋይነት ነበር። መንገድ ላይ ማዕበል ጠራርጎ ባሕር ውስጥ ከተተው። ከመርከቡ የተንጠለጠለ የሸራ ገመድ እጁ ገባለት፤ እሱን ይዞ ጎትተው አወጡት። በኋላ ኤልሳቤጥ ቲሊን አገባ። በዚያ በመጀመሪያው ክረምት እናትና አባቷን ያጣች ልጅ ነበረች። አሥር ወለዱ። የልጅ ልጆቻቸው ከ80 በላይ ናቸው። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትም፣ ሁለቱ ፕሬዚዳንት ቡሾችም ከእነሱ ይቆጠራሉ። ሁሉም በአንድ ገመድ!

የልጆቹን ስም ስገለብጥ ፈገግ አልኩ። የመጀመሪያዋ ዲዛየር ናት፤ ምኞት በሉት። ሌላዋ ሆፕ፣ ተስፋ። የሰፈሬን ልጆች የምጽፍ ነው የመሰለኝ። በነገራችን ላይ እነ ሐውላንድ የሰፈሩባት ፕሊመዝ የአገሬው ተወላጆች የዋምፓኖግ ሰዎች መንደር ነበረች። እነሱ ከመድረሳቸው ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ መንደሯን በሽታ ጨርሷታል። የእነዚያን ሐረግ ቁጠሩልኝ ያለ ደንበኛ እስካሁን እኔ ጋ አልመጣም።

ወደ ጉዴ ልመለስ። አንድ የማሳቹሴትስ መዝገብ ላይ ነኝ። ቀለሙ ወይቧል፣ ጽሑፉ የዶክተር ማዘዣ ይመስላል። ጋብቻ፣ ሜይ 1702። ከሥሩ የበኩር ልጅ ልደት፣ ፌብሩዋሪ 1702። ሲስተሙ ወዲያው ቀይ አበራ። ልጁ ከሰርጉ ሦስት ወር ቀድሞ ተወልዷል።

አጉልቼ አየሁት። ጸሐፊው የ2ን ጭራ ወደ ላይ የመቆልመም አመል አለው፤ ሁለቱም ቦታ ላይ ተቆልምማ ቁጭ ብላለች። ስህተት የለም። በሆዴ «አይ ፒዩሪታኖች!» አልኩ፤ የዚያን ጊዜ የማሳቹሴትስ አጥባቂ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። ልጅ ቶሎ የተወለደባቸውን ባልና ሚስት ፍርድ ቤት አቁመው የሚቀጡ ሰዎች እንደነበሩ አንብቤያለሁ። ይሄኛው አምልጧቸዋል ማለት ነው። ሙሽራው የልጁ አባት ላይሆን ይችላል ብዬ፣ የአባት ስም የሚለው ቦታ ላይ «ያልታወቀ» የሚለውን መረጥኩ። ቀዩ ጠፍቶ አረንጓዴ በራ። ደስ ብሎኝ ቡና ልቀዳ ተነሳሁ።

በሳምንቱ ተጠራሁ። ያቺ አንዲት ክሊክ ቅርንጫፉን ከነቅጠሉ ቆርጣ ጥላዋለች። ከዚያ ልጅ የተወለዱት በሙሉ፣ ገንዘብ የከፈሉትን ደንበኛ ጨምሮ፣ ከሐውላንድ ዘር ወጥተዋል። ሴትየዋ ደውለው ቢሮውን ቀውጢ አድርገውታል። እውነታቸውን ነው፤ ቅድመ አያታቸውን ዲቃላ ያልኩት እኔ ነኛ!

ሥራችንን የሚያርሙት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ናቸው። ይቆጡኛል ስል ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «ከሜይ ጀምረህ በጣትህ ቁጠር» አሉኝ። ቆጠርኩ። ጁን፣ ጁላይ... ፌብሩዋሪ ላይ ስደርስ ዘጠኝ ሆነ። «ልጁ በወሩ ነው የተወለደው» አሉ።

ለካ በእንግሊዝና በቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ ዓመት የሚገባው ጃንዋሪ 1 ሳይሆን ማርች 25፣ በብሥራት ቀን ኖሯል። ስለዚህ ፌብሩዋሪ 1702 ከሜይ 1702 በኋላ ነው የሚመጣው፤ በዛሬው አቆጣጠር 1703። የራሱ የሐውላንድ ሞት እንኳ መዝገቡ ላይ ፌብሩዋሪ 23፣ 1672 ተብሎ ነው የተጻፈው። ሥራውን የሚያውቁት በእዝባር 1672/3 ብለው ይጽፉታል። እኔ ያንን እዝባር ብዙ ጊዜ አይቼ የቀለም ጠብታ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ያ የድሮ አቆጣጠራቸው ጁልያን ነው። በእሱ ማርች 25 ማለት ድብን ያለ የእኛው መጋቢት 29 ነው፤ ጌታ የተፀነሰበት። ሲስተሙ ይህን አለማወቁ አይገርምም። በመስከረም ዓመት ሲለወጥ ያደግኩት እኔ ግን ምን ነካኝ? አራሚያችንም ይህንኑ ጠየቁኝ። «እናንተ አገር የራሳችሁ ካላንደር የላችሁም እንዴ?» መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ማታ ቤት ገብቼ የራሴን የልደት ወረቀት አወጣሁ። የተወለድኩት ታኅሣሥ 25 ቀን 1976 ነው። የተረጎመው ሰው ወሩንና ቀኑን አስተካክሎ ጃንዋሪ 4 ብሏል፤ ዓመቱ ላይ ግን 8 መደመር ሲገባው 7 ደምሮ 1983 ብሎታል። አንድ ዓመት እንዳስረጀኝ ድሮም አውቃለሁ፤ የታክሲ ቀልዴ ነው። የወላጆቼን የጋብቻ ወረቀት ከጎኑ ያስቀመጥኩት ግን ያን ቀን ነው። ጥር 1975። በፈረንጅ 1983።

ተወልጄ ነው የተጋቡት!

ለእናቴ ደወልኩላትና ነገርኳት። እስኪያስላት ሳቀች። «ውይ በሞትኩት! ሦስት ቀን ድንኳን ተጥሎ የተዳርኩትን ሴትዮ?» አለች። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ስማ፣ ይቺን ወረቀት ለነፍስ አባቴ እንዳታሳይብኝ።»