«የለብህም» ለማለት

በጎጃም ቆላ መስከረም ከጠባ በኋላ ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ወባ ነው ወይ?» ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የሠራሁት ጥናትም ይህንኑ ጥያቄ የሚመለከት ነው። በተለይ ያሳሰበኝ «የለብህም» የሚለው መልስ ነበር። «አለብህ» ለማለት አንድ የወባ ተሕዋስ፣ ፓራሳይት የምንለውን፣ በደንብ ማየት ይበቃል። «የለብህም» ለማለት ግን ስላይዱን፣ ደም የተቀባበትን መስታወት፣ በማይክሮስኮፕ ሁለት መቶ ቦታ ላይ እያዟዟሩ ማየት ይጠይቃል። በር ላይ ሰልፍ ተደርድሮ፣ ሕፃን እያለቀሰ፣ ሁለት መቶ ቦታ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ላብራቶሪ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

ያደግሁት ደጋ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች እኛ ወባን የምናውቃት ቆላ ወርደው ከሚመለሱ ሰዎች ነበር። ለሰሊጥ ሥራ መተማና ሁመራ የወረዱ የሰፈር ልጆች ሲመለሱ ይንቀጠቀጣሉ። ትልልቆቹ «ንዳድ ነው» ይላሉ፤ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ይወቀጣል። ለጥናቱ የመረጥኩት ግን ከፍኖተ ሰላም ወደ ብር ሸለቆ በሚወርደው አቅጣጫ ያለ ጤና ጣቢያ ነው። አካባቢው የእርሻ ቦታ ነው። የቀን ሠራተኛ ይበዛበታል፤ አብዛኛው ደግሞ ከደጋ የወረደ ነው።

ይህ ለጥናቱ ትልቅ ነገር ነበር። ወባ ሁልጊዜ ባለበት አገር ያደገ ሰው ሰውነቱ በሽታውን በመጠኑ ይቋቋመዋል። የደጋው ሰው ይህ የለውም። በደሙ ውስጥ ያለው ፓራሳይት ገና ጥቂት ሳለ አልጋ ላይ ይጥለዋል። ጥቂት ከሆነ ደግሞ ምርመራው ሊስተው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1958 የአገራችንን ደጋማ ቦታዎች የመታው የወባ ወረርሽኝ እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወጥቶ ነበር። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። ስለዚህ እኛ ዘንድ «ትንሽ ናት» ተብሎ የሚናቅ ፓራሳይት የለም።

ዕቅዱ ሲነገር አጭር ነው። ትኩሳት ያለበት ሰው አንዴ ጣቱን ይወጋል፤ ከዚያች ጣት ሦስት ነገር ይወሰዳል። አንዱ ጠብታ ሁላችንም አርዲቲ ለምንለው ፈጣን ምርመራ ነው። ሁለተኛው ለስላይድ፣ ሦስተኛው ማጣሪያ ወረቀት ላይ ደርቆ ለፒሲአር፤ የፓራሳይቱን ዲኤንኤ አባዝቶ ለሚፈልገው የላብራቶሪ ምርመራ። አርዲቲ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ100 እስከ 200 ያህል ፓራሳይት ሲኖር ነው በደንብ የሚይዘው። ጥሩ ማይክሮስኮፒስት ወደ 50 ይወርዳል። ፒሲአር ከአምስት በታችም ያገኛል። እኔ ማወቅ የፈለግሁት በእነዚህ መካከል ሾልኮ የሚያመልጠው ማን እንደሆነ ነበር።

ሰው ማስፈቀዱ ከጠበቅሁት በላይ ጊዜ ወሰደ። የፈቃድ ቅጹ ላይ ማንበብ የማይችል ሰው አሻራ እንዲያኖር ይጠየቃል። ገበሬው አሻራ ሲባል ሌላ ነገር ነው የሚመጣበት። «የማዳበሪያ ዕዳ ነው?» ብለው የጠየቁኝ ነበሩ። ልክ ናቸው፤ አሻራ አድርገው ያተረፉት ነገር የለም። ወረቀቱን እኔ ማንበቤን ተውኩት። አካባቢው የሚያውቃት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች፤ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጥያቄ እመልሳለሁ። እምቢ ያለም ሰው ሕክምናው እንደማይቀርበት መጀመሪያ እንነግራለን። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሰከን አለ። አንድ አዛውንት ግን ጣታቸውን ከሰጡኝ በኋላ «ልጄ፣ ይቺን ጠብታ ደም ለምን ሦስት ቦታ ትከፋፍያታለሽ?» አሉኝ። «አባባ፣ ሦስት ምስክር ቢኖር ይሻላል ብዬ ነው» አልኳቸው። «እሱስ ደግ ነው። ምስክር ካልተሟላ ዳኛም አይፈርድ» አሉና እጃቸውን መለሱልኝ።

ስለ ጣት ካነሳሁ አይቀር፣ የምርመራው ግማሽ ያለው እዚያ ነው እላለሁ። የገበሬ ጣት ጠንካራ ነው። ሞፈር ሲይዝ የኖረ እጅ ላይ ላንሴቱ ቆዳውን ሳይበሳ ሊመለስ ይችላል። ብዙ ያልሠራበትን እጅ፣ የቀለበት ጣቱን፣ ከጫፉ ትንሽ ወደ ጎን እመርጣለሁ። አልኮሉ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፤ ካልደረቀ ደሙን ያበላሸዋል። የመጀመሪያዋን ጠብታ በጥጥ እጠርጋለሁ። ደም እምቢ ሲል ጣቱን መጭመቅ አይገባም፤ ከሥር የሚወጣው ፈሳሽ ደሙን ያቀጥነዋል። በዚያ ላይ ፓራሳይቱ ጥቂት ከሆነ በቃ፣ ጠፋ ማለት ነው። እጁን ወደ ታች አንጠልጥሎ ማሸት ይሻላል።

ስላይዱ ላይ ሁለት ነገር ይሠራል፤ ወፍራም ጠብታና ስስ ቅብ። ወፍራሙ ፓራሳይት መኖሩን ለማግኘት ነው፤ ስሱ ዓይነቱን ለመለየት። ሁለቱን የወባ ዓይነቶች፣ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስን፣ መለየት ለይስሙላ አይደለም። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ እሱን ለማጥፋት ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል። የወፍራሙን ጠብታ ልክ ያወቅሁት ከጋዜጣ ነው። ደሙ ገና እርጥብ ሳለ ስላይዱ ጋዜጣ ላይ ሲቀመጥ ፊደሉ በደሙ ውስጥ መነበብ አለበት። ካልተነበበ ወፍሯል፤ ሲቀለም ተልጦ ይሄዳል። ስሱ በሜታኖል ይነከራል፤ ወፍራሙን ግን ሜታኖሉ ጨርሶ ሊነካው አይገባም። ከነካው ቀይ የደም ሴሎቹ ሳይፈርሱ ይቀሩና የሚታይ ነገር የለም።

ቆላ ላይ ደግሞ ዝንብ አለ። ዝንብ ደም ይበላል። የሚደርቀውን ስላይድም፣ ማጣሪያ ወረቀቱ ላይ ያለውን ጠብታም ቀዳዶ ይተወዋል። ፀሐይ ላይ ማድረቅ አይቻልም፤ ሙቀቱ የወፍራሙን ጠብታ ቀይ ሴሎች እንደ ሜታኖሉ ሳይፈርሱ ያስቀራቸዋል። ያረጀ አጎበር ቆርጠን በካርቶን ላይ ወጠርን፤ አየር ይገባል፣ ዝንብ አይገባም። ለወባ መከላከያ የተሰጠ አጎበር ሲያረጅ እንዲህ ማገልገሉ ደስ አለኝ። ወረቀቱ ጥላ ላይ አድሮ ሲደርቅ እያንዳንዱ ለየብቻው በላስቲክ ከረጢት፣ ሲሊካ ጄል ተጨምሮበት ይታሸጋል። ሲሊካው ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው፤ ወደ ሮዝ ከዞረ እርጥበት ገብቷል፤ ይቀየራል። በየሳምንቱ ከረጢቶቹን እየገለበጡ ቀለሙን ማየት አሰልቺ ነው፤ ግን ዲኤንኤው የሚተርፈው በዚህ ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ውኃው ነው። ስላይዱ የሚቀለምበት ጊምሳ የተባለው ቀለም የሚበጠበጥበት ውኃ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ ልክ፣ 7.2 መሆን አለበት። የጤና ጣቢያው ውኃ አንዴ ከቧንቧ፣ ቧንቧው ሲጠፋ ከጉድጓድ ይመጣል። ውኃው አሲድ ከሆነ ስላይዱ ይቀላል፤ የቫይቫክስ ምልክት የሆኑት ሮዝ ነጠብጣቦች ይጠፋሉ። ከዚያ ቫይቫክሱ ሌላ ነገር ይመስላል። ኪስ የማይጎዳ የፒኤች ወረቀትና ፒኤቹን የሚያስተካክል የበፈር እንክብል ገዝቼ ጠዋት ጠዋት ውኃውን ሳልለካ ሥራ አልጀመርኩም። የተበጠበጠ ጊምሳ ደግሞ ከሰዓት ለሚመጣ ሰው አይቀመጥም። ይዘቅጣል፤ ዝቃጩም ፓራሳይት መስሎ ሰውን ያሳስታል።

ንባቡ ላይ ሁለት ሰዎች ነበርን። አንዳችን የሌላውን ውጤት አናይም፤ አርዲቲው ምን እንዳለም አናውቅም። ካልተስማማን ሦስተኛ ሰው ያነበዋል። ፓራሳይት ሲገኝ ሁለት መቶ ነጭ የደም ሴል እስኪሞላ አብሮ ይቆጠራል። የተገኘው የፓራሳይት ቁጥር በ8,000፣ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ አለ ተብሎ በሚታሰበው የነጭ ሴል ቁጥር፣ ተባዝቶ ለ200 ይካፈላል። ለምሳሌ 25 ከተቆጠረ በአንድ ማይክሮሊትር 1,000 ማለት ነው። ካልተገኘ ግን ያው ሁለት መቶው ቦታ ነው። መቶ ቦታ ባዶ ሆኖ መቶ ምናምነኛው ላይ አንዲት ቀለበት፣ ሰማያዊ ክብ፣ ጠርዟ ላይ ቀይ ነጥብ፣ ብቅ ስትል ልቤ ይመታ ነበር። እዚያ ሰው አለ። ሃምሳ ቦታ አይቼ ብነሳ ያ ሰው ባዶ እጁን ይሄድ ነበር።

አርዲቲን ማጣጣል አልፈልግም። መብራት በሌለበት ጤና ኬላ፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ መልስ የሚሰጥ ነገር ሌላ የለም። ግን ምን እንደሚያነብ ማወቅ ያስፈልጋል። ለፋልሲፓረም የተሠራው የተለመደው ኪት ፓራሳይቱ የሚያመርተውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው የሚፈልገው። ሰውየው ድኖም ፕሮቲኑ ለሳምንታት ደሙ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ባለፈው ወር የታከመ ሰው «አለብህ» ሊባል ይችላል። የሚከፋው ግን ተቃራኒው ነው። ይህን ፕሮቲን የሚያመርተው ጂን የጎደላቸው ፓራሳይቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ አማዞን ተዘገበ፤ በኋላ ኤርትራ ውስጥ በብዛት ተገኘ። በ2021 የታተመው የኢትዮጵያ ጥናት ደግሞ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ድንበር አካባቢዎች ከ12,000 በላይ ሰዎችን መርምሮ በጎደለው ጂን ምክንያት አርዲቲው የሚስታቸው 9.7 በመቶ ያህል እንደሚሆኑ ገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት «ከ5 በመቶ ካለፈ ኪቱን ቀይሩ» ይላል። የኛ የቀን ሠራተኛ ደግሞ መተማ ደርሶ የሚመለስ ነው። ጎጃም ድንበር ላይ ባትሆንም ድንበሩ በሰው ደም እየመጣ ነው።

ጥናቱን ስሠራ በጣም የቆየብኝ ግን ወባ ያልነበረበት ልጅ ነገር ነው። የቆሎ ተማሪ ነው። ደበሎውን እንደለበሰ፣ ጓደኛው ደግፎት መጣ። ትኩሳቱ አንድ ሳምንት ይዞት፣ ለቆት፣ አሁን ተመልሶበታል። አርዲቲው ኔጌቲቭ። ባልደረባዬ ወደ ሌላ ምርመራ ሊልከው ነበር፤ እኔ ስላይዱ ይነበብ አልኩ። ወፍራሙ ጠብታ ላይ ቀለበት የለም። ግን በነጭ ሴሎቹ መካከል ቀጭን፣ ጥምዝ ያለ፣ ሐምራዊ ክር አየሁ። ትንሽ ገፋ ሳደርግ ሌላ። ከዚያ ብዙ። ቦሬሊያ ነው፤ የግርሻ ትኩሳት። በቅማል የሚተላለፍ ነው። ሰው ሲያክክ ቅማሉ ይጨፈለቅና ባክቴሪያው በተጫረው ቆዳ ይገባል። የወባ አርዲቲ ይህን መቼም አያሳይም። የፈለግነውን ብቻ የሚያይ ዕቃ ነው።

ነርሷ ሕክምናውን ከጀመረችለት በኋላ ለሰዓታት ከአልጋው አጠገብ አልተነሳችም። የግርሻ ሕመምተኛ የመጀመሪያው መድኃኒት ሲሰጠው ባክቴሪያው በአንዴ ሲሞት ትኩሳቱ ሊብስ፣ ግፊቱም ሊወርድ ይችላል፤ ይህን ስለምታውቅ ነው። ልጁ ሲሻለው የቀረው ጥያቄ ደበሎው ነበር። ጨርቅ ቢሆን ይቀቀላል፤ ቆዳ አይቀቀልም። የሰውነት ቅማል ግን ሰው ካላገኘ ብዙ አይኖርም። ላስቲክ ውስጥ አጥብቀው አስረው ሁለት ሳምንት እንዲያስቀምጡት ነገርናቸው፤ ጓደኞቹም ተመረመሩ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለ ሰው ነጠላና ሱሪ አዋጣለት። «መምሬ ምን ይሉኛል?» እያለ ሲጨነቅ የጤና ኤክስቴንሽኗ ራሷ ሄዳ መምህሩን አነጋገረችለት።

ማጣሪያ ወረቀቶቹን ይዤ ባሕር ዳር የወጣሁት ሰብሉ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። የፒሲአሩን ሥራ ብዙ አልተርክም፤ አብዛኛው መጠበቅ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበል። እኔ የሠራሁበት ዘዴ ዲኤንኤውን ሁለት ዙር ያባዛል። የመጀመሪያው ዙር ቱቦ ሲከፈት በዓይን የማይታይ ጠብታ ወደ ሌላው ከተፈናጠረ፣ ወባ የሌለበት ሰው ወባ ይገኝበታል። ስለዚህ ዲኤንኤ የሚወጣበት፣ ቅይጡ የሚዘጋጅበትና ውጤቱ የሚታይበት ክፍል ይለያያል፤ ጋዋኑም ይለያያል። በእያንዳንዱ ዙር ውኃ ብቻ ያለበት ቱቦ ይገባል። የተባዛው ዲኤንኤ በርዝመቱ በሚለይበት ጄል ላይ ፋልሲፓረም 205፣ ቫይቫክስ 120 ቤዝ ፔር ላይ መስመር ያሳያል። የውኃው ቱቦ ላይ መስመር ከታየ ዙሩ በሙሉ ይጣላል። እዚህ ላይ ርኅራኄ አያስፈልግም። ማሽኑ መሐል ላይ መብራት ከሄደም እንደዚያው።

ውጤቱ ያሳየኝ እንዲህ ነው። ሦስቱ ዘዴዎች ፓራሳይቱ ብዙ ሲሆን አይጣሉም። የሚለያዩት ጥቂት ሲሆን ነው፤ በተለይ ቫይቫክስ ላይ። ፒሲአር አግኝቷቸው ስላይዱ ላይ ያልተገኙትን ሰዎች ስላይዶች አውጥተን እንደገና ስናነብ፣ ከፊሎቹ ላይ ፓራሳይቱ ነበር። ርቆ፣ ጥግ ላይ፣ አንድ ወይም ሁለት። የቀሩት ላይ ደግሞ ማንም ቢያየው አያገኝም ነበር። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ለመጀመሪያው ጊዜና ጥሩ ቀለም ያስፈልጋል፤ ለሁለተኛው ሌላ መሣሪያ።

እንዲህ ያለ ጥናት ለሚጀምር ወንድምም እህትም የምመክረው ናሙና ከመሰብሰቡ በፊት ስላይድ በማንበብ እንዲቆይ ነው። በጀቱ ላይ የፒኤች ወረቀት፣ ሲሊካና የሌንስ መጥረጊያ ወረቀት ይግቡ፤ ትንንሽ ስለሆኑ ይረሳሉ። ኔጌቲቭ ስላይድ አይጣል፤ ቁጥሩ ተጽፎበት ይቀመጥ። ውጤቱም ወደ ሰጡት ሰዎች ይመለስ። እኔ ጤና ጣቢያው ድረስ ወርጄ በአማርኛ አስረድቻለሁ፤ ከተመረቅሁበት መድረክ ይልቅ ከባድ ጥያቄ የጠየቁኝ እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ አርዲቲው ኔጌቲቭ ሆኖ ትኩሳቱ የተመላለሰበት ሰው ስላይድ ይሠራለታል። ከሳምንቱ ኔጌቲቭ ስላይዶች ጥቂቱ ተመርጠው ሌላ ሰው እንደገና ያነባቸዋል። ለዚህም ሐሙስ ከሰዓት ተመድቧል፤ የገበያ ቀን ስላልሆነ ሰልፉ ቀለል ይላል።