ባጃጅ ውስጥ ያገኘኋት ልጅ

ዛሬ አሞራ ገደል ዓሳዬን በልቼ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አንዲት ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ጨዋታ ጀመርን። ድሮ እዚሁ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለአሜሪካ ገበያ ሸሚዝ ትሰፋ ነበር። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔ ራሴ ስንት ጉራ ነዝቻለሁ! ከዚያ አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ሰብዓዊ መብት ተጥሷል ብላ በ2014 ዓ.ም. አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሏ አስወጣችን፣ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ ተጣለበት፣ እሷም ሥራዋን አጣች። እኔ በበኩሌ ይሄ ቅጣት ያረፈው ጥይት ተኩሳ በማታውቅ ልጅ ላይ ነው ባይ ነኝ።

«አሁንስ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት።

«ቴሌግራም ላይ ልብስ እሸጣለሁ።»

«የየት አገር?»

«የቻይና ነዋ!» ብላ ሳቀች። ሒሳቡንም እምቢ ብላ እሷው ከፈለች።