ኪያሪ ያለበት ሰው ደረጃ ሲወርድ

ዛሬ ከእህቴ ጋር ደረጃ ስንወርድ፣ ወደ ታች ባየች ቁጥር የእርከኖቹ ጠርዝ ከፍ ዝቅ እያለ ስለሚታያት፣ የብረት መደገፊያውን ጨብጣ እያንዳንዱን እርከን በእግሯ ጣቶች እየዳሰሰች ነበር የምትረግጠው። ያለባት ኪያሪ ማልፎርሜሽን የሚባለው፣ የትንሹ አንጎል የታችኛው ጫፍ በራስ ቅል ግርጌ ባለው ቀዳዳ አልፎ ወደ አከርካሪው ቦይ የሚወርድበት የአፈጣጠር ችግር ነው። ስሙ የተወሰደው በ1891 እ.ኤ.አ. ስለ ችግሩ ከጻፈው ሐኪም ከሐንስ ኪያሪ ነው።

የእርምጃችንንና የዓይናችንን እንቅስቃሴ የሚያስተባብረው ይኸው ትንሹ አንጎል በመሆኑ፣ ቦታው ሲጠበውና በዙሪያው ያለው ፈሳሽ እንደልብ መዘዋወር ሲያቅተው ሚዛን ይታወካል፤ በጨለማ ደግሞ ዓይን የሚሰጠው እገዛ ስለሚቀር መቆሙ ራሱ ይከብዳል።

እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ሕመሙ ከውጭ ስለማይታይ «ጭንቀት ነው» እየተባለ መታለፉ ነው። በኤምአርአይ የሚለካው የመውረድ መጠን ብቻውን የሕመሙን ክብደት አይናገርም፤ ብዙ ወርዶባቸው ምንም የማይሰማቸው አሉ፣ በጥቂቱ ወርዶባቸው መራመድ የሚቸግራቸውም አሉ። ስለዚህ ሐኪሞች ከምስሉ ጎን ለጎን ታማሚዋ ስትራመድ እንዲያዩአት፣ መቼና ምን ስታደርግ እንደሚያዞራትም በትዕግሥት እንዲጠይቋት እለምናለሁ።