የፉርጎ ዝገትን ከባሕር ዳር ጣሪያዎች ተማርኩ

ጎጃም ውስጥ ሐዲድ የለም። የምሠራቸው ትንንሽ የፕላስቲክ ሞዴል ፉርጎዎች ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ በገባው አሮጌ መስመር ላይ ይመላለሱ የነበሩትን የሚመስሉ ናቸው፤ መልካቸውን የምቀዳው ከፎቶ ነው። ዝገትን ግን የተማርኩት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከሰፈራችን ቆርቆሮ ነው።

ክረምት አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ጣሪያዎቹን ልብ ብላችሁ እዩ። የቆርቆሮው መሃል ለዓመታት ደህና ሆኖ ይቆያል። መበላት የሚጀምረው ሚስማር የበሳው ቦታ፣ የተቆረጠው ጠርዝ፣ ሁለት ቆርቆሮ ተደርቦ ውሃ የሚያቁርበት ስፌት ላይ ነው። ከዚያ ቡናማው መስመር ውሃው በሄደበት ቁልቁል ይወርዳል። ፉርጎም በሩ ሥር፣ መሰላሉ የተበየደበት ቦታና የታችኛው ጠርዝ ላይ እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ ብሩሽ ከማንሳቴ በፊት ውሃው የት እንደሚቆም፣ ፀሐዩ የትኛውን ጎን እንደሚመታ፣ አቧራው ከየት እንደሚነሳ አስባለሁ። ምክንያት የሌለው እድፍ ሞዴሉን ያቆሽሸዋል እንጂ አያስረጀውም።

የፋብሪካውን ቀለም የማስለቅቀው በአይሶፕሮፒል አልኮል ዘፍዝፌ በጥርስ ብሩሽ በማሸት ነው። የመኪና ቀለም ቤት ቲነር ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፤ አታስጠጉት። ካጠብኩ በኋላ ስስ ግራጫ ፕራይመር (ሌላውን ቀለም የሚያስይዝ የመጀመሪያ ቅብ)፣ በላዩ የዝገት ቡናማ አክሪሊክ እቀባለሁ። ሲደርቅ ዝገት እንዲታይ የምፈልግበትን ቦታ ብቻ በውሃ ነካ ነካ አድርጌ የወጥ ቤት ጨው እነሰንስበታለሁ። ጨው ከያዘ በኋላ የፉርጎውን ዋና ቀለም እነፋበታለሁ፤ የድሬዳዋ ፀሐይ ቀለምን ስለሚያነጣ ጥቂት ነጭ ቀላቅዬ። ደርቆ ጨውን በጣት ስፈገፍገው ከሥሩ ዝገቱ ብቅ ይላል። ከሥራው ሁሉ ይህን ሰዓት እወደዋለሁ።

ጨው ግን ደቃቅ ይሁን። በ1 ለ87 ልኬት፣ ሞዴሉ ላይ ያለ የ1 ሚሊ ሜትር ጠባሳ እውነተኛው ፉርጎ ላይ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። አንድ ሜትር ስፋት ያለው የዚያ መስመር ሐዲድ እንኳ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚሆነው። ለጥቃቅን ልጥ ልጥ እንግዲህ ከብሩሽ ይልቅ የተቦጨቀ ስፖንጅ ጫፍ ይሻላል።

ለዝገቱ ዱቄት ከመራዊ በኩል ያመጣሁትን ቀይ አፈር ወቅጬ በነጠላ ጨርቅ እነፋዋለሁ። ለጎኑ አቧራ ግን አልጠቀምበትም፤ የድሬዳዋ አሸዋ ገርጣ ያለ ስለሆነ አመድ ላይ ትንሽ አፈር ጣል አድርጌ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ከታች ወደ ላይ እያሳሳሁ እቀባለሁ። ወለሉ አካባቢ ወፍራም፣ ጣሪያው ጋ እምብዛም።

በመጨረሻ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ይነፋል። ባሕር ዳር ላይ በሐምሌና በነሐሴ እርጥበቱ ቫርኒሹን ነጭ ደመና ያስመስለዋል፤ ፀሐይ የወጣችበትን ቀትር ጠብቁ፣ ካልሆነም መስከረም ይጥባ። ቫርኒሹ የአቧራውን መልክ ስለሚያደበዝዘው ዱቄቱን ከልብ አብዝቼ ነው የምቀባው።

የብረት ጎማው ጎን በዘይትና በአቧራ ይጥቆር፤ ሐዲዱን የሚነካው ዙሪያ ግን ያብለጭልጭ፤ የሚሄድ ባቡር እዚያ ላይ ብረት ከብረት ሲፋተግ ዝገት አያቆይም። ለዓመታት ቆሞ የቀረ ፉርጎ ከሆነ ያም ይዝጋል፤ የምትሠሩት የትኛውን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀለም በፊት ወስኑ።