ነዳጅ ቆጣቢ መሣሪያ ላይ ገንዘቤን ሳስገባ ያልመዘንኩት ነገር

የአራት ዓመት ቁጠባዬን ያወጣሁት «ቀጭ» ለምትል አንዲት ድምፅ ነው። ማደያ ላይ ሰልባትዮው ሲሞላ መቅጃው በራሱ ሲዘጋ የምትሰማዋ ድምፅ አለች አይደል? እሷ ናት። እሷ ቀድማ ቀጭ በማለቷ አንድ መሣሪያ 12 በመቶ ነዳጅ ይቆጥባል ብዬ አመንኩ፣ ባለአክሲዮንም ሆንኩ።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመክሰስም ነው። በዋናነት ግን ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ ስለምብሰለሰል ነው።

ነገሩ የመጣው በሰው በሰው ነው። የሥራ ባልደረባዬ አንድ ኢንጂነር ያውቃል። በዕድሜ ይበልጡኛል፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ከሦስት ወጣቶች ጋር ሆነው የትንሽ ቴርሞስ ያህል የምታክል ዕቃ ሠርተዋል። ቤንዚኑ ሞተር ውስጥ ከመግባቱ በፊት በራዲያተሩ ውሃ ሙቀት ታሞቀዋለች። የሞቀ ቤንዚን ቶሎ ይተናል፣ በደንብ ይቃጠላል፣ ስለዚህ ትንሹ ይበቃል ነው ሐሳቡ። እኔም ይህን ስሰማ «እንዴት እስከ ዛሬ ማንም አላሰበውም?» አልኩ። ይህ ጥያቄ ደስ ሊያሰኘኝ ሳይሆን ሊያስፈራኝ ይገባ ነበር።

ሄጄ አየሁ። ቢዝነስ ፕላኑን አነበብኩ። ውሉን ሁለት ጊዜ ተመላለስንበት። ፈረምኩ፣ ገንዘቡን አስገባሁ። ይህ ሁሉ ሦስት ሳምንት አልፈጀም፣ ስለሱ የምለውም የለኝም። የምለው ስለ ሙከራው ቀን ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተገናኘን። ብርድ ነበር። ዕቅዱ ቀላል ነው፤ ሰልባትዮውን ሞልተን 40 ኪሎ ሜትር ሄደን እንመለሳለን፣ እንደገና ሞልተን የገባውን ሊትር እናያለን። ከዚያ መሣሪያውን ከፍተን ያንኑ መንገድ እንደግማለን። ኮፈኑ ሥር አንዲት ቫልቭ አለች። ስትዞር ቤንዚኑ በመሣሪያው ውስጥ ያልፋል፣ ስትመለስ እንደ ድሮው በቀጥታ ይሄዳል።

እኔ ከሾፌሩ ጎን ደብተር ይዤ ተቀምጫለሁ። ሳይንቲስት የሆንኩ መስሎኛል። የተነሳንበትን ሰዓት ጻፍኩ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፍኩ። ሌላው ቀርቶ «ሰማዩ ደመናማ» ብዬ ጽፌአለሁ። ደብተሩ አሁንም አለ፤ ባየሁት ቁጥር ያመኛል። ደመናውን የጻፈ ሰው ሙቀቱን አልጻፈም። የጎማውን ንፋስ አልለካም። ማን እንደነዳ አልጻፈም። ሁለቱንም ዙር የነዱት ራሳቸው ኢንጂነሩ ናቸው፣ መሣሪያው ክፍት ይሁን ዝግም ያውቃሉ።

የመጀመሪያው ዙር፣ ያለ መሣሪያ፣ 6.5 ሊትር ወሰደ። ሁለተኛውን ስንጨርስ 5 ሰዓት ሆኗል፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ እኔም ጃኬቴን አውልቄአለሁ። መቅጃው ሰልባትዮው ውስጥ ገባ፣ ቁጥሩ ይሮጣል፣ እኛ ቆመን እናያለን። 5.7 ላይ ቀጭ አለ። ማንም አልተናገረም። ቀጂው ልጅ «ልጨምር?» አለ።

«ተው! እንዳትነካው!» አሉ ኢንጂነሩ፣ እጃቸውን ዘርግተው።

እኔም ልጁን በዓይኔ ተቆጣሁት። 6.5 እና 5.7፤ ልዩነቱ 12 በመቶ። በዚያው ሳምንት ፈረምኩ።

ጠዋት የቀዳልን ሌላ ልጅ ነበር። እሱ ማንንም አልጠየቀም። ቀጭ ካለ በኋላ ሁለት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ ነው የሞላልን። ይህ ደብተሩ ላይ የለም። ጭንቅላቴ ውስጥ ግን አለ፣ ብቻ ትዝ ያለኝ ከስድስት ወር በኋላ ነው።

ያስታወሰኝ መኪናዬን የሚያይልኝ መካኒክ ነው። አክሲዮኑን እንደ ጉድ እየተኩራራሁ ሳወራለት ካንዴላ እያጸዳ ሰማኝ። ከዚያ ቀና እንኳን ሳይል «ጠዋት የነዳችሁት ሞተሩ ሳይሞቅ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ሁለተኛውስ?» ሞቆ ነዋ። «እና?» አለኝ። ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር አልጨመረም። እኔ ግን ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሒሳቡን አብረን እንየው። የጠፋው ነዳጅ፣ ማለትም የተገኘው ተአምር፣ 0.8 ሊትር ነው። መቅጃው በየትኛው ቅጽበት እንደሚዘጋ የሚወስነው የአረፋው መጠን፣ መቅጃው የገባበት ጥልቀት፣ የቀጂው እጅ፣ መኪናው የቆመበት መሬት ዘንበል ማለት ነው። በዚህ ብቻ ግማሽ ሊትር ወዲህ ወዲያ ማለት ብርቅ አይደለም። ግማሽ ሊትር ደግሞ ከ6.5 ሊትር ወደ 8 በመቶ ይጠጋል። የቀዝቃዛ ሞተርን ጨምሩበት፤ አየሩ ወደ 7 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲወርድ ተራ የቤንዚን መኪና ከተማ ውስጥ በአንድ ሊትር የሚሄደው መንገድ ከ25 ዲግሪው ቀን ይልቅ 15 በመቶ ገደማ ያንሳል። የኛ ጠዋት እንደዚያ የከፋ አልነበረም፣ ግን አቅጣጫው ያው ነው። እግርን ጨምሩበት፤ በ100 ፈንታ በ90 ብትነዱ መኪናው የሚገፋው የአየር ጫና 19 በመቶ ይቀንሳል። ኢንጂነሩ ሆን ብለው ቀስ አሉ አልልም። ልጃቸውን የሚያስፈትን አባት ግን ሳያውቀው ነው የሚያግዘው።

መሣሪያው ምንም ሳይሠራ 12 በመቶው ሊመጣ ይችል ነበር። ያየሁት ቁጥር ከመለኪያዬ ስህተት ያነሰ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ እዚህ ጋ ንዴቴ አልበረደም። ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለ የአንድ የሙከራ ተቋም ደብዳቤ አለ። ማኅተም፣ ፊርማ፣ ቁጥር፣ ሁሉም አለው። ርዕሱ «የነዳጅ ቆጣቢ መሣሪያ የፍተሻ ውጤት» ይላል። መጨረሻው «ተረጋግጧል» ይላል። እኔ ርዕሱንና መጨረሻውን አነበብኩ። መሐሉ ላይ የተጻፈው፣ መሣሪያው የተገጠመለት መኪና የሚያወጣው ጭስ ከተፈቀደው መጠን አልበለጠም የሚል ነው። ስለ ነዳጅ አንድም ቃል የለበትም። የተረጋገጠው አለመጉዳቱ ነው።

ነገሩ ከገባኝ በኋላ ተቋሙ ጋ ደወልኩ። አራት ሰው አስተላለፈኝ። አምስተኛው ኃላፊ ነው፣ ድምፁ የምሳ ሰዓት የደረሰበት ሰው ድምፅ ነው።

«የተጠየቅነው ጭስ ነው። ስለ ነዳጅ ማን ጠየቀን?»

«ታዲያ ርዕሱ ነዳጅ ቆጣቢ ይላል እኮ!»

«ርዕሱ ከማመልከቻው ነው የሚወሰደው።»

«ሰው ይህን አይቶ ገንዘብ እያወጣ እኮ ነው!»

«ወረቀቱ ላይ ምን ይላል ወንድሜ? እስቲ አንብበው።»

የሚያናድደው ነገር ልክ መሆኑ ነው። ግን የሰው ማመልከቻ ርዕስ ገልብጦ ማኅተም የሚመታበት ተቋም ምን ዓይነት ተቋም ነው? ይህን ጠይቄው ስልኩ ተቋረጠ። መስመሩ ይሁን እሱ አላውቅም፣ ጥርጣሬዬን ግን መገመት ትችላላችሁ።

ፓተንቱም ሌላው ጉድ ነው። አለ ተባልኩ፣ ቁጥሩን አየሁ፣ በቃ። ባለቤቱ ማን ነው የሚለውን መስመር አላየሁም። ፓተንቱ የተመዘገበው በኢንጂነሩ ስም ነበር እንጂ በኩባንያው ስም አልነበረም። እኔ የገዛሁት የኩባንያውን ድርሻ ነው። ማለትም ጠረጴዛውን፣ የመፍቻ ሣጥኑንና የሦስት ወር የቤት ኪራዩን ገዛሁ። ደግሞ የፓተንት መሥሪያ ቤት የሚመረምረው ሐሳቡ አዲስ መሆኑን ነው እንጂ በመቶኛ ስንት እንደሚቆጥብ አይደለም። ካናዳዊው ቻርልስ ኔልሰን ፖግ በ1930ዎቹ ለካርቡሬተሩ ፓተንት አግኝቷል፤ በአንድ ጋሎን 200 ማይል ያስኬዳል እየተባለ ተወርቶለታል። ፓተንቱ እስከ ዛሬ ይነበባል። መኪናው ግን የለም።

እልኸኛ ነኝና ተኝቼ አልተውኩትም። ሚዛን ገዛሁ። መካኒኩ ቤንዚኑ ከሰልባትዮው ሳይሆን ከአንድ ትንሽ ጀሪካን እንዲመጣ አደረገልኝ፤ ጀሪካኑን ከመንዳቴ በፊትና በኋላ እመዝናለሁ። ሊትር በሙቀት ያብጣል፣ ኪሎ አያብጥም። ሞተሩን አሙቄ፣ ጎማውን እኩል ነፍቼ፣ ሦስት ጊዜ ያለ መሣሪያ፣ ሦስት ጊዜ ከመሣሪያው ጋር፣ እንደገና ሦስት ጊዜ ያለ መሣሪያ ነዳሁ። ቫልቯን የሚያዞራት መካኒኩ ነው፤ የትኛው ዙር የትኛው እንደሆነ የነገረኝ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ያለ መሣሪያ የነዳኋቸው ዙሮች እርስ በርሳቸው እንኳ እስከ 3 በመቶ ይለያያሉ። ከመሣሪያው ጋር ያሉት ደግሞ መሐል ላይ ናቸው። መካኒኩ ወረቀቱን አይቶ «ይህች ነገር ቢያንስ አታበላሽም» አለኝ። ተቋሙም ያለው ይህንኑ ነበር።

ምክንያቱ ሲገባኝ ደግሞ ይበልጥ አፈርኩ። ጤነኛ የሆነ ዘመናዊ ሞተር የገባለትን ነዳጅ 95 በመቶውንና ከዚያ በላይ ያቃጥለዋል። ብክነቱ ያለው አለመቃጠሉ ላይ አይደለም፤ የተቃጠለው ጉልበት አብዛኛው በማርሚታና በራዲያተር ሙቀት ሆኖ መውጣቱ ላይ ነው። ማቃጠሉን ፍጹም ብታደርጉት እንኳ 12 በመቶ ከየት ይመጣል?

ከዚያ በኋላ አንድ ትልቅ ባለሀብት መጣ። እሱ እንደኔ አይደለም። የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር (ኤስኤኢ) ለከባድ መኪኖች ባወጣው ጄ1321 በሚባለው የነዳጅ መፈተኛ ዘዴ አምሳያ ሁለት መኪና አብረው እንዲነዱ ጠየቀ። አንደኛው ላይ ምንም አይነካም። ሌላኛው መጀመሪያ ያለ መሣሪያ ይነዳል፣ ከዚያ መሣሪያው ተገጥሞለት ይደገማል። ነፋሱም ሙቀቱም መንገዱም ሁለቱን እኩል ስለሚነካ የሚታየው ልዩነት የመሣሪያው ብቻ ይሆናል። ውጤቱ ከ1 በመቶ በታች ወጣ፣ ይህም ከመለኪያው ስህተት ያንሳል። ሰውየው አመስግኖ ሄደ። ለዚያ ሙከራ የከፈለው ከኔ አክሲዮን አንድ አሥረኛ አይሞላም። ኩባንያው ከስምንት ወር በኋላ ተዘጋ።

ኢንጂነሩ አጭበርባሪ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ውሃን ነዳጅ አድርጌ መኪና አስኬዳለሁ ያለው ስታንሊ ሜየር እ.ኤ.አ. በ1996 ኦሃዮ ውስጥ በማጭበርበር ተፈርዶበት ለሁለት ባለሀብቶች 25 ሺህ ዶላር እንዲመልስ ታዟል። እኔ ግን ማንን ልክሰስ? ሰውየው የራሳቸውን ቤት አስይዘው ነው የገቡበት። ከማንም በላይ የተታለሉት እሳቸው ናቸው።

ኢንቨስት አድርጉ የሚሉ መምህራን ሁልጊዜ ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው «ምርቱን ሳይሆን ሰዎቹን እይ» ነው። ለምግብ ማድረሻ መተግበሪያ ይሠራ ይሆናል። እዚህ ግን አይሠራም። የኔ ሰዎች ታታሪዎች፣ ታማኞች፣ የማይዋሹ ነበሩ፤ ነዳጁ ግን ሰው አይቶ አይቆጥብም። ሁለተኛው «ቢጠፋ የማይጎዳህን ገንዘብ ብቻ አስገባ» ነው። እኔ ይህን በደንብ ሰምቼ ነው የከሰርኩት። ቢጠፋም ግድ የለኝም ካልኩ በኋላ ምን ብዬ ልመርምር? የሚያመኝ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ያን መሐለኛ አንቀጽ አነብ ነበር።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነዳጅ ቆጣቢ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን ገምግሟል። የሚታይ ለውጥ ያመጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ እነሱም ያመጡት ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው 12 በመቶ፣ 20 በመቶ ቢለኝ ሻይዬን ጠጥቼ እወጣለሁ። «2 በመቶ፣ ስህተቱ ወደ ግማሽ በመቶ፣ ይኸው ያልተሳካልን ሙከራም» ብሎ የሚጀምር ካጋጠመኝ ግን ወንበሬን አቀርባለሁ። የመጀመሪያውን ክፍያ ለአክሲዮኑ ሳይሆን ለሙከራው ነው የምከፍለው፤ መኪናውን እኔ እመርጣለሁ፣ ሾፌሩን እኔ አመጣለሁ። እምቢ ካሉ በነፃ መልሱን አገኘሁ ማለት ነው። ፓተንቱም በኩባንያው ስም ሳይዛወር አንድ ሳንቲም አይወጣም።

ባለፈው ወር ኢንጂነሩ ደወሉልኝ። አዲስ ነገር ጀምረዋል፣ ይህኛው በናፍጣ ላይ ነው። ድምፃቸው ያው ደስ የሚል ድምፅ ነው። «መጥተህ እየው እንጂ ልጄ» አሉኝ። ሚዛኔን ይዤ እመጣለሁ አልኳቸው። ሳቁና «ናልኝ፣ ግን መጀመሪያ እኔ ልጨርሰው» አሉ። እስካሁን አልጠሩኝም። ሚዛኑ በር ጥግ ቆሟል፤ ሰው መንገድ ሲሄድ ሻንጣ እንመዝንበታለን።