የእታለም ደብተር

የቡድናችን ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ። የተመረጥኩት ሒሳብ ስለምችል አይደለም፤ መዝፈን ስለማልችል ነው። ቀን ቀን ማተሚያ ቤት እሠራለሁ። ማታ ልምምድ ላይ በሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ማን እንዳረፈደ እመዘግባለሁ።

ቡድኑ ትንሽ ነው። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዜማ የሚያወራ ቴአትር ነው የምንሠራው። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮና አንድ አሮጌ ኪቦርድ አለን። የውጭ ሰው ቢያየው ሚጢጢ ኦፔራ ይለው ይሆናል። የሰፈራችን ሰው ግን "እነዚያ እየዘፈኑ የሚጣሉት" ነው የሚለን። እኔ ይህኛውን እወደዋለሁ።

ዛሬ ከሥራ መልስ የመጨረሻውን ትርኢት ሒሳብ ዘጋሁ። በአንድ ወገን የትኬት ገቢ። በሌላው ወገን የአዳራሽ ኪራይ፣ የሞንታርቦ፣ የጀነሬተር ነዳጅ፣ የፖስተር፣ የባጃጅ። ውጤቱን እዚህ አልጽፈውም፣ ያሳፍራል። በእኔ ደብተር ከሄድን ይህ ቡድን ከሞተ ቆይቷል፤ ተዝካሩም ተበልቷል። ግን አልሞተም። ከእኔ ደብተር ሌላ አንድ ደብተር አለ፣ እሱ ያለው እታለም ጋ ነው።

እታለም አስተባባሪያችን ናት። ዕድሜዋ ከሁላችንም ይበልጣል። ወጣት እያለች ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፣ የፋብሪካው ኪነት ውስጥም ትዘፍን ነበር። በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ ኪነት የነበረበት ዘመን ነው። አሁን አትዘፍንም። "ድምፄን ጥጥ በላው" ትላለች፣ ስትለውም አታዝንም። ከእኛ ጋር መድረክ ላይ ወጥታ አታውቅም፣ ስሟ ፖስተር ላይ የለም። እሷ ከሌለች ግን መጋረጃው አይከፈትም።

ደብተሯ ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት የተማሪ ደብተር ነው። ብር የሚባል ነገር አልተጻፈበትም። አንድ ቀን ገልጣ አሳየችኝ። "የእድሩ ዳኛ፦ ወንበር። ልጃቸው ስታገባ ማሲንቆ ይሄዳል።" "ጀነሬተር፦ እናቱ ታመዋል፣ ይጠየቁ።" "የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፦ ቅዳሜ ክፍል ከፍቶልናል። ለልጁ እስኪርቢቶና ደብተር።" "ባለ ታንኳው፦ ዓሣ ከእሱ እንጂ ከሌላ አይገዛ።" አንዳንዱ መስመር ላይ ጭረት አለ፣ ተመልሷል ማለት ነው። አብዛኛው ላይ ግን የለም።

ይህ ደብተር እንዴት እንደሚሠራ በዓይኔ ያየሁት ባለፈው ትርኢት ዕለት ነው።

ቅዳሜ ነበር። ገና ሳይነጋ የእድር ጡሩምባ ተነፋ። ሰው ያንን ድምፅ ሲሰማ "ማን ይሆን?" ይላል። እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ "ወንበሩ!" ነው ያልኩት። ወንበሮቻችን የእድሩ ናቸው። በርካሽ ያከራዩናል። ሰው ከሞተ ግን ወንበሩም ድንኳኑም የለቀስተኛ ነው። ክርክር የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም።

እታለም ጋ ደወልኩ፣ አታነሳም። ቤቷ ሄድኩ፣ የለችም። ለቅሶ ቤት አገኘኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ድንኳን ከሚተክሉት ወንዶች ጋር ገመድ ትስባለች።

"እታለም፣ ወንበሩስ?" አልኳት ቀስ ብዬ።

ገልመጥ አደረገችኝ። "መጀመሪያ ግባና እግዜር ያጥናችሁ በል።"

ገባሁ፣ አልኩ፣ ተቀመጥኩ። በሽንቁሩ እያየኋት ነው። ውኃ ትቀዳለች፣ ሽንኩርት ትልጣለች፣ አሮጊቶች ትደግፋለች። ስለ ትርኢቱ አንዲት ቃል አልወጣትም። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ እኔ ደግሞ እየነደድኩ ነው።

ከቀብር መልስ የእድሩ ዳኛ ራሳቸው ጠሯት።

"ልጄ፣ የእናንተም ዛሬ አልነበረም እንዴ?"

"ነበር ጋሼ። እርስዎ አይጨነቁ።"

"ወንበር አልሰጥሽም፣ ታውቂዋለሽ። መጋዘን ውስጥ የድሮ አግዳሚ አለ። ልጆች ላኪ።"

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ብቻ ነው። አግዳሚው በጋሪ መጣ። ጁስ ቤቱ የፕላስቲክ ወንበሮቹን ሰጠን፤ ባለቤቱ እታለምን "የእኔ እናት" እያለ ነው የሚያናግራት፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የጎደለውን ግሮሰሪው በቢራ ሳጥን ሞላው። ሳጥን ላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ ሰሌን። አንድ ሰውዬ "የእኔ ትኬት ቪአይፒ ነው የሚለው" ብሎ በሩ ላይ ቆመ። በር የምትጠብቀው ልጅ "ጋሼ፣ ቪአይፒ ሳጥኑ ላይ ነው፣ ከፍ ይላል" አለችው። ሳቀና ገባ።

የታንኳው ጉዳይም ነበር። ድርሰቱ የጣና ዳር ታሪክ ስለሆነ መድረኩ ላይ እውነተኛ የደንገል ታንኳ እናወጣለን። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ካልዋለ ክብደቱ አይቻልም። ባለ ታንኳው የዚያን ዕለት ዓሣ ሲያወጣበት ውሎ በቀጥታ አመጣው። ምን ይበል፣ እንጀራው ነው። ለእኛ ብሎ ቀኑን ሙሉ ዳር ላይ አያደርቀው። የመድረኩ ልጆች እያቃሰቱ አስገቡት። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ከሥሩ ውኃ መውረድ ጀመረ፣ መንገዱም ወደ ሞንታርቦው ገመድ። መብራት የያዘው ልጅ በሆዱ ተስቦ ወጥቶ የራሱን ጋቢ ዘረጋበት። ተመልካቹ የድርሰቱ አካል መስሎት አጨበጨበ።

ያን ሁሉ ሰው ለትርኢቱ ማን ከፈለው? እኔ አይደለሁም፣ ደብተሬ ይመስክር።

ሰሞኑን ማታ ማታ ስልኬ ላይ የኦፔራ ታሪክ አነባለሁ። ዘፋኞቹንስ ሁሉም ያውቃቸዋል፣ እኔ የምፈልገው ከጀርባ ያሉትን ነው። ኦፔራ ጣሊያን ውስጥ ሲጀመር የመሳፍንት ግቢ ነገር ነበር። ወጪው የጌቶች ነው። በ1637 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ ትኬት የገዛ ሁሉ የሚገባበት ቤት ተከፈተ። ያን ጊዜ ነው የእኔ ቢጤ የተፈጠረው፣ ገንዘብ ቆጥሮ የሚያዝን ሰው።

ከሁሉም ዶሜኒኮ ባርባያ የሚባለው ገረመኝ። ሚላን ውስጥ ቡና ቤት አስተናጋጅ ነበር። ቡናን ከቸኮሌትና ከክሬም ጋር የሚያደባልቅ መጠጥ በስሙ ይጠራል። ቡና አብቃዮቹ ዘጌዎች ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን? ከዚያ ላ ስካላ የሚባለው ትልቁ ቴአትር ቤት ውስጥ የቁማር ጠረጴዛ ዘረጋ። በዚያ ገንዘብ አድርጎ ኔፕልስ ወረደና ሳን ካርሎ ቴአትርን ያዘ። ሮሲኒን የመሰለ የሙዚቃ ደራሲ ሲቀጥር ከደመወዙ ሌላ ከቁማሩ ድርሻ ሰጠው። ቴአትር ቤቱ በ1816 እ.ኤ.አ. ሲቃጠል ዓመት ሳይሞላው መልሶ አቆመው። ያ ሁሉ ውብ ዜማ የተዘፈነው ከጎን ባለው ክፍል ሰው ገንዘቡን እያስበላ ነው ማለት ነው።

እኛ ዘንድ በቁማሩ ቦታ ያለው ውለታ ነው። ይህንን ለእታለም ነገርኳት፣ "በስመ አብ!" አለችና አማተበች። እኔ ግን አሁንም እንደዚያ አስባለሁ። ልዩነቱ፣ በቁማር የሚበላው የማታውቀው ሰው ነው። በውለታ የሚበላው ጎረቤትህ ነው።

ለምሳሌ ልብስ ሰፊያችን። በረንዳ ላይ በሲንጀር ነው የምትሰፋው። የንጉሡን ካባ ከአሮጌ መጋረጃ ሠራችው። ጥለቱን ከተቀደደ ጥበብ ቀሚስ ቆርጣ ነው የለጠፈችበት፤ ቅርብ ሆነህ ካየኸው ካባው ጫፍ ላይ የመጋረጃው ቀለበት የገባበት ቀዳዳ ይታያል። ከሩቅ ግን ንጉሥ ነው። ትርኢት ሲደርስ የሰው ሥራ ታቆማለች። የሠርግ ሰሞን ከሆነ ያ ትልቅ ገንዘብ ነው። ከእኛ ያገኘችው "እግዜር ይስጥልን" እና ሁለት ነፃ ትኬት ነው።

ልብስ ቀልድ አይደለም። ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ቨርዲ የጻፈው አይዳ የተባለው ኦፔራ ካይሮ ላይ ጥር 1871 እ.ኤ.አ. ሊከፈት ታስቦ ነበር። ልብሱና የመድረኩ ዕቃ የተሠራው ፓሪስ ነው። ፕሩሲያኖች ፓሪስን ከበቡ፣ ልብሱም እዚያው ታሰረ። ትርኢቱ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ቆየ። የግብፁ ገዢ ከዲቭ እስማኤል ራሱ ያዘዘው ሥራ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት፣ ልብስ ጠበቀ! አይዳ ደግሞ የኢትዮጵያ ልዕልት ናት፣ ግብፅ ውስጥ ምርኮኛ። አባቷ ንጉሥ አሞናስሮም በዚያው ይማረካል። መድረክ ላይ እኛን መማረክ ቀላል ነው። እስማኤል ጥቂት ዓመት ቆይቶ እውነተኛ ጦር ሲልክ፣ ጉንደትና ጉራ ላይ አፄ ዮሐንስ ምን እንዳደረጉት ይታወቃል። ይህንን ለቡድኑ ሳወራ ክራር መቺያችን "ታዲያ የጉንደቱን ለምን እኛ አንሠራውም?" አለ። እታለም "የስንት ሰው ልብስ ነው እሱ?" ብላ ዘጋችው።

እንደ ገንዘብ ያዥ ደግሞ ስለ አይዳ አንድ ነገር ልቤን ነክቶታል። ፓርማ ከተማ ያየው አንድ ሰው አልወደደውም። የባቡሩን፣ የትኬቱንና የእራቱን ሒሳብ አስልቶ ገንዘቤን መልስልኝ ብሎ ለቨርዲ ጻፈ። ቨርዲ አስከፈለው። የእራቱን ግን አልከፍልም አለ፣ እቤቱ መብላት ይችል ነበር ብሎ። 27 ሊሬ ከ80 ሳንቲም። ይህን ሰውዬ ገንዘብ ያዥ ማድረግ ነበር።

የዜማ መሪያችንም ያው ነው። ልጅ እያለ ቆሎ ተማሪ ነበር፣ መሪጌታ እያልን እንቀልድበታለን። ከኪቦርድ ተጫዋቹ በቀር ኖታ የሚያነብ የለንም። እሱ ታዲያ ግጥሙን በቀይና በጥቁር እስኪርቢቶ ይጽፈዋል። ከፊደሉ በላይ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት እያለ የቤተ ክርስቲያን የዜማ ምልክት ያደርጋል። ርክርክ ሲደርስ ሁለቱ ሴቶች ሁልጊዜ ይሳሳቃሉ፣ እሱም ሁልጊዜ ይቆጣል። የኔታው ቢያዩት ደስ የሚላቸው አይመስለኝም፤ እሱም ያውቀዋል፣ ወረቀቱን ከልምምድ በኋላ ሰብስቦ ይወስዳል። ድምፃውያኑ ግን በሌላ መንገድ ተምረው አያውቁም። ለዚህ ሥራ ደመወዝ የለውም። አንዳንዴ የታክሲ እሰጠዋለሁ፣ አንዳንዴ እሱ ለእኔ ይሰጠኛል።

ለዚህ ነው ባለፈው ሳምንት ከእታለም ጋር ትንሽ የተነጋገርነው። ከሚቀጥለው ትርኢት ገቢ መጀመሪያ ለልብስ ሰፊዋ እንክፈል አልኩ፣ አዳራሹ ይጠብቅ።

"አዳራሽ አይጠብቅም" አለች። "እሷ ትጠብቃለች።"

"እኮ! ስለምትጠብቅ ነው የምንበላት።"

ዝም አለች። ከዚያ ደብተሩን አውጥታ የመጨረሻዎቹን ገጾች ገለጠችልኝ። ከዚህ በፊት አላየኋቸውም። የልብስ ሰፊዋ ገጽ አለ። "ልጇ ሲታመም ሌሊት አብሬ አደርኩ።" "የቤት ኪራይ፣ ከእኔ።" "እንጀራ።" ከሥሩ የዘበኛው፣ ከሥሩ የጁስ ቤቱ ልጅ። ጁስ ቤቱ ለምን እናቴ እንደሚላት ያን ጊዜ ገባኝ። በአብዛኛው መስመር ላይ "ከእኔ" የሚል አለ። ጡረታዋ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ትንሽ ነው።

ስለዚህ ኪሳራው የቡድኑ አይደለም፣ የእሷ ነው። እኔ በደብተሬ ላይ የማጣው ገንዘብ እዚያ ተጽፏል። ሰው ይህንን ሲሰማ "እንዴት ያለች ደግ ሴት!" ይላል። ደግ ናት፣ ልክ ነው። ግን አንድ ቡድን በአንዲት ጡረተኛ ጉልበት ሲቆም ደግነት ብሎ ማለፍ ለእኛ ይመቸናል፣ ለእሷ አይመቻትም። ጉልበቷ ሲደክም ምን ልንሆን ነው? ጁስ ቤቱ እኔን የእኔ አባት አይለኝም።

ልምምድ ላይ አነሳሁት። ለቅሶውን፣ ጥየቃውን፣ ሠርጉን እንከፋፈል አልኩ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቤት። ወጣቶቹ ተያዩ። አንዱ "እኛ እኮ አርቲስት ነን" አለ። መሪጌታው ሳቀበት፣ ከዚያ "የዘበኛውን ቤት እኔ እይዛለሁ" አለ። በር የምትጠብቀው ልጅ ግሮሰሪውን ወሰደች። ሌላው እናያለን አለ፤ እናያለን እንግዲህ።

ለእኔ የደረሰኝ የጀነሬተሩ ሰውዬ ነው። እናቱ በቀደም አርፈዋል። እታለም ስልክ ደውላ ለተዝካሩ ድንች መላጥ የእኔ እንደሆነና ቢላዋ ይዤ እንድመጣ ነገረችኝ።