ወደ ፌዴራል የተዛወረን ክስ ሳስመልስ የጠበቃ አበል የማሰላበትና የምጠይቅበት መንገድ

በአሜሪካ በስቴት ፍርድ ቤት የተከሰሰ ሰው መጥሪያው ከደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሊያዛውር ይችላል። እኔ የምቆመው ለከሳሽ ነው። በዚህ ሥራ የጠበቃ አበል ሁለት ጊዜ ይነሳል፦ መጀመሪያ ተከሳሹ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ሥልጣን አለው ለማለት በሚደምረው ሂሳብ ውስጥ፣ በኋላም ክሱ ወደ ስቴቱ ፍርድ ቤት ሲመለስ ከተከሳሹ በምንጠይቀው ወጪ ውስጥ።

ሂሳቡን ቁጥር በቁጥር አወርደዋለሁ። ተከራካሪዎቹ የተለያየ ስቴት ሰዎች ናቸው ተብሎ ከተዛወረ፣ የክርክሩ ገንዘብ ከ75,000 ዶላር መብለጥ አለበት። ልክ 75,000 አይበቃም፤ ወለድና የፍርድ ቤት ወጪም አይቆጠሩም። አበል የሚደመረው ተሸናፊው እንዲከፍል ሕግ ወይም ውል ሲያዝ ወይም ሲፈቅድ ብቻ ነው። እንበል ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ያልተከፈለ ደመወዝ 38,000፣ ቅጣት 9,000 ዶላር ጠየቀ። ድምሩ 47,000 ነው። ተከሳሹ ጉድለቱን በአበል ይሞላዋል፦ በሰዓት 400 ዶላር 70 ሰዓት ቢል 28,000፣ ድምሩም ልክ 75,000፤ ገና አልደረሰም። 71 ሲል አለፈ። አንዲት ሰዓት ፍርድ ቤቱን ትለውጣለች፤ ለዚህ ነው የሰዓቱን ግምት ዝም ብዬ የማላሳልፈው።

ቦታውም ይወስናል፤ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቶች ሰርኪዩት በሚባሉ አካባቢዎች የተከፋፈሉ ናቸው። ካሊፎርኒያን የሚያካትተው 9ኛው ሰርኪዩት ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2018 በፍሪች እና ስዊፍት ትራንስፖርቴሽን ጉዳይ ወደፊት የሚሠራው ሥራ አበልም ይደመራል ብሏል። ቺካጎ ያለው 7ኛው ሰርኪዩት ግን ከ1998 ጀምሮ ገና ላልተሠራ ሥራ አበል አይደምርም። እዚያ ክሱ ሲዛወር 12 ሰዓት ብቻ ተሠርቶ ከነበረ 4,800 ዶላር ነው፤ 51,800 ላይ ይቆማል። በ9ኛው ሰርኪዩትም ቢሆን የማስረዳት ሸክሙ የተከሳሹ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዳርት ቼሮኪ ውሳኔ (2014) ማስረጃ የሚያስፈልገው ቁጥሩ ሲካድ ነው ስለሚል፣ ክሱ ወደ ስቴቱ ፍርድ ቤት ይመለስ ብዬ በማቀርበው አቤቱታ ላይ ቁጥሩን በግልጽ እክዳለሁ። ተከሳሾች ብዙ ጊዜ የሚያያይዙት እስከ መጨረሻው ክርክር የሄደ የሌላ ጉዳይ አበል ነው። ያ ጉዳይ ስንት ከሳሽ ነበረው? ስንት ምስክር ተሰማበት? ይህን አንድ በአንድ ሳነጻጽር ግምቱ ይሳሳል።

ከተዛወረ በኋላ «ከ75,000 በታች ነው የምጠይቀው» ብሎ ክስን መቀነስ አይረዳም፤ ሬድ ካብ የተባለው የ1938 ውሳኔ በሩን ዘግቶታል።

ለእኛ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ግሪን ካርድ ያለው ኢትዮጵያዊ ቨርጂኒያ እየኖረ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ያለ ኩባንያን ሲከስ፣ ተከሳሹ «ከሳሹ የውጭ አገር ዜጋ ነው» ብሎ ሊያዛውር ይሞክር ይሆናል። አይቻልም። ቋሚ ነዋሪው ከተከሳሹ ጋር በአንድ ስቴት የሚኖር ከሆነ በዚህ መንገድ ሥልጣን እንደማይገኝ ሕጉ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ዜግነትን ብቻ ሳይሆን የመኖሪያ ፈቃዱን ዓይነትና አድራሻውን በመጀመሪያው ቀን እጠይቃለሁ።

አበሉን የሚያስከፍለው የፌዴራል ሕግ ርዕስ 28 አንቀጽ 1447(ሐ) ነው። ክሱ ስለተመለሰ ብቻ ግን አበል አይገኝም። በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርቲን እና ፍራንክሊን ካፒታል ጉዳይ እንዳለው፣ በመደበኛው አካሄድ አበል የሚከፈለው ለማዛወሩ ምክንያታዊ መሠረት ካልነበረ ነው። በዚያ ጉዳይ ተከሳሹ ከፊል የተመረኮዘው የብዙ ከሳሾችን አበል በአንድ ላይ መደመር ይቻላል በሚሉ የቀድሞ ውሳኔዎች ላይ ነበር፤ ክሱ ተመለሰ፣ አበሉ ግን ተከለከለ። ስለዚህ መጀመሪያ የምፈልገው በዚያው ሰርኪዩት ጥያቄውን የዘጋ አስገዳጅ ውሳኔ ነው። የሥር ፍርድ ቤቶች የተከፋፈሉበት ነጥብ ከሆነ አበል ለማግኘት ብዙ ተስፋ አላደርግም።

ከዚያ ለተቃራኒው ጠበቃ ጉድለቱንና ውሳኔውን ጠቅሼ ደብዳቤ እልካለሁ፤ እያወቀ መቀጠሉን ያሳያል። በሎስ አንጀለሱ ፌዴራል ፍርድ ቤት አቤቱታ ከመቅረቡ ቢያንስ 7 ቀን በፊት መነጋገር ግዴታ ነው። የሥነ ሥርዓት ጉድለት ደግሞ ማዛወሪያው በገባ በ30 ቀን ካልተነሳ ይቀራል፤ ስለዚህ ውይይቱን በመጀመሪያው ሳምንት እይዛለሁ። የስረ ነገር ሥልጣን ጥያቄ (ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ከመነሻው የማየት ሥልጣን አለው ወይ የሚለው) ቀን አይገድበውም፤ መዘግየት ግን አበሉን ሊያሳጣ ይችላል።

ሰዓቱን በስድስት ስድስት ደቂቃ፣ በማዛወሩ ምክንያት የመጣውን ሥራ ብቻ እመዘግባለሁ። «ስልክ፣ ጥናት፣ አቤቱታ፣ 6.5 ሰዓት» ተብሎ የተጠቀለለ መዝገብ ይቆረጣል። «ስልክ 0.3፣ የሰርኪዩቱን ውሳኔዎች ማንበብ 2.2፣ አቤቱታ ማርቀቅ 4.0» ሲባል ግን ዳኛው የሚቆጥረው ነገር ያገኛል። በስቴቱ ፍርድ ቤትም የሚያገለግል ሥራ፣ ለምሳሌ የማስረጃ ጥያቄ፣ አላስገባም። ሥልጣን የለም ተብሎ በተሰጠ የመመለስ ትእዛዝ ላይ ይግባኝ የለም፤ በአበሉ ላይ ግን አለ፤ ዝርዝሩን ይግባኝ ሰሚው እንደሚያነበው አድርጌ የማዘጋጀው ለዚህ ነው።